እቁባችንን እናውጣላት ወይ?

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ገባች፤ ታናሽ ወንድሟ 8 ዓመቱ ነው። ልጄ ሒሳብ ትወዳለች ስል እናት ስለሆንኩ አይደለም። ራት እየበላን እንኳ ሶፍት ላይ ቁጥር ትሞነጫጭራለች። አስተማሪዋ ከሰጣት የቤት ሥራ አልፋ ሌላ ትሠራለች።

ባለፈው ሳምንት በስሟ ወፍራም ፖስታ መጣ። የወርቅ ቀለም ማኅተም አለው። የአገሪቱ ምርጥ ወጣት ሳይንቲስቶች ለሚሰበሰቡበት ፕሮግራም ተመርጠሻል ይላል። ዘጠኝ ቀን ነው። ክፍያው 4,200 ዶላር፣ የአውሮፕላን ትኬት ሳይጨምር። ባለቤቴ ‹እቁባችን በታኅሣሥ ይደርሰናል፤ እንክፈልላት፤ ለኮሌጅ መግቢያ ይሆናታል› ይላል። እሱ ልጅ እያለ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው የተማረው። ዲያቆን ነበር። ‹በትምህርቷ ልረዳት አልችልም፤ ቢያንስ በገንዘብ ልርዳት› ነው የሚለው። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ልጅቷ ደግሞ ደብዳቤውን ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። እንዴት ብዬ እምቢ እላታለሁ? ይሄ ካልሆነስ ሌላ ምን አለ? ልጄን ከቤት ውጭ አሳድሬ አላውቅም። በዚያ ላይ በሰመር ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ናት።»

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣

አትክፈሉ። ልብሽ ያልተቀበለው በምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የኔም ቤት ገብቶ ያውቃል። የመጀመሪያ ልጄ 10ኛ ክፍል እያለ ነበር። እኔና እናቱ ደስታችንን መያዝ አቅቶን አዲስ አበባ ድረስ ደወልን። ከፈልን። ልጁ ሄደ፣ አዳራሽ ውስጥ ከብዙ ልጆች ጋር ተቀምጦ ንግግር ሰማ፣ ቲሸርትና ፎቶ ይዞ መጣ። «ምን ተማርክ?» ስለው ዝም አለኝ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ገንዘቡ አይደለም ያሳዘነኝ። ልጁ የተመረጠ መስሎት ሄዶ፣ እንዳልተመረጠ ገብቶት መመለሱ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ልጆች ፈተና ሲፈተኑ ወይም ክፍል ውስጥ መጠይቅ ሲሞሉ ስማቸው፣ አድራሻቸውና ፍላጎታቸው ይመዘገባል። ያ ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ተመርጠሻል» የሚለው ደብዳቤ ለሺዎች ይላካል። ልጅሽን ያየ ሰው የለም። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቋትም። የኮሌጅ መግቢያ ቢሮዎችም ይህን ያውቃሉ። በዘጠኝ ቀን ጉባኤ ምክንያት በር የሚከፍት ኮሌጅ የለም።

ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በስማቸው የሚሰጧቸው የሰመር ኮርሶችም አሉ። ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስከፍሉት ማለቴ ነው። እነዚህን ከደብዳቤው ጋር አንድ ላይ አልደምራቸውም። ልጅ የሚማርበት ይኖራል። ግን እዚያ ኮርስ ወሰደች ማለት ዩኒቨርሲቲው ኋላ ይቀበላታል ማለት አይደለም። እቁብ አውጥቶ የሚከፈልበት ነገር አይደለም።

ልጅሽን ግን ደብዳቤውን ከግድግዳው ላይ ቀድደሽ አታሳዝኛት። ቁጭ አድርገሽ እውነቱን ንገሪያት። «ይህን የላኩት ሰዎች አያውቁሽም፤ እኛ ግን እናውቅሻለን፤ የምትችይውን ለማየት የሚፈልጉ ሌሎች አሉ» በያት። ይህ ማባበያ አይደለም። እነዚያ ሌሎቹ በእርግጥ አሉ።

እንዴት ትለያቸዋለሽ? በዚህ አገር ጥሩ የሚባሉት የሒሳብ የሰመር ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚጠይቁት ገንዘብ አይደለም፤ የሒሳብ ጥያቄ ነው የሚሰጡት። ማመልከቻው ውስጥ ጥቂት ከባድ ጥያቄዎች አሉ። ልጅቷ ቤቷ ተቀምጣ፣ ሳምንታት ወስዳ፣ ብቻዋን ትሠራቸዋለች። መልሱን ብቻ አይደለም የሚፈልጉት። እንዴት እንዳሰበች በጽሑፍ ታስረዳለች። ሁሉንም ካልመለሰች ችግር የለውም። የት ድረስ እንደሄደች፣ የት እንደቆመች፣ ምን እንደሞከረች ታሳያለች። ያን የሚያነበው ሰው ነው የሚመርጣት። «ተመርጠሻል» የሚለው ቃል ያኔ ትርጉም አለው።

ሦስቱን ልንገርሽ። የተመሠረቱበትን ዓመት የምነግርሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፕሮሚስ የሚባለው ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ከ1989 ጀምሮ አለ። ስድስት ሳምንት ይፈጃል። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ማመልከት ይችላል። ሮስ የሚባለው ከሁሉም የቆየ ነው፤ አርኖልድ ሮስ የሚባሉ የሒሳብ ሊቅ በ1957 ጀመሩት። እሱም ስድስት ሳምንት ነው። መሪ ቃሉ «ስለ ቀላል ነገሮች በጥልቀት አስብ» የሚል ነው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ትርጉም አላገኘሁም። ሦስተኛው ማዝካምፕ ነው። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ በአሜሪካ ወይም በካናዳ ባሉ ኮሌጆች ይካሄዳል። አምስት ሳምንት ነው፤ ልጆቹ የሚማሩትን ራሳቸው ይመርጣሉ።

ሦስቱም ክፍያ አላቸው። የዋጋው ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ሲታይ ያስደነግጣል። ብዙ የኛ ሰዎች እዚያ ላይ ነው ገጹን የሚዘጉት። አንቺ አትዝጊው። «ፋይናንሺያል ኤይድ» የሚለውን ክፍል ክፈቺ። አቅም ለሌለው ቤተሰብ እርዳታ ይሰጣሉ፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ክፍያው ከናካቴው ሊነሳ ይችላል። ደግሞ ማን መክፈል ይችላል ብለው አይመርጡም። መጀመሪያ ልጁን ይቀበላሉ፣ ከዚያ ስለ ገንዘቡ ይነጋገራሉ።

ፕሮሚስና ሮስ ውስጥ አዲስ የገቡ ልጆች ዋናው ትምህርታቸው የቁጥር ቲዎሪ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ሙሉ ቁጥር፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በቁጥር ይሞክራሉ። ቀጥሎ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ብለው ይገምታሉ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ያረጋግጣሉ። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ አንድ ጥያቄ ላይ ሦስትና አራት ሆነው ያመሻሉ። ውጤት የሚባል፣ ኤ እና ቢ የሚባል የለም።

እዚህ ላይ ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። «በትምህርቷ ልረዳት አልችልም» ማለቱን ሳነብ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ዲያቆን ከነበረ ባሕረ ሐሳብን፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ሳይሰማ አላደገም። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ የቀሪ ሒሳብ ነው። እነዚያ ልጆች ቦስተን ሄደው የሚማሩት ነገር እናንተ ቤት ውስጥ ከሶፋው ላይ ተቀምጧል።

በኛ አቆጣጠር 2018ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት፣ ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1 ቢቀር ማቴዎስ፣ 3 ቢቀር ሉቃስ፣ ምንም ባይቀር ዮሐንስ። ያንኑ 7518 ለ19 ስናካፍለው 13 ይቀራል። አንዱን ለዘመን እናነሳለን፤ 12 ይሆናል። ይህ ቁጥር ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ስናባዛው 132 ነው፤ በ30 ስንገድፈው፣ ማለትም ለ30 አካፍለን ቀሪውን ስንይዝ፣ 12 ይቀራል። አበቅቴ 12። ወንበሩን በ19 ስናባዛው 228 ነው፤ በ30 ስንገድፈው 18 ይቀራል። መጥቅዕ 18። ሁለቱም የጾምና የበዓል ቀን ለማውጣት የሚያገለግሉ ቁጥሮች ናቸው።

አሁን አበቅቴና መጥቅዕን ደምሩ። 30 ነው። 2017ን ብትሠሩት ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ይሆናል። ድምሩ አሁንም 30። ሊቃውንቱ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆን ያስተምራሉ። ባለቤትሽም ይህን ሳይሰማ አይቀርም።

ለምን? ይህን ጥያቄ አባቷ ያቅርብላት። መልሱን አትንገሯት። እኔ ግን ለአንቺ ሹክ ልበልሽ፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ስለዚህ ወንበሩ ምንም ቢሆን፣ አንዱን በ11 ሌላውን በ19 አባዝተሽ ስትደምሪ ወንበሩን በ30 እንዳባዛሽው ነው። በ30 ሲገደፍ የሚተርፍ የለም። ልጅቷ ይህን በራሷ ካገኘችው፣ በራሷ ቃል ከጻፈችው፣ አንድ ማረጋገጫ ጻፈች ማለት ነው። ከዚያ አባቷ ይቀጥልላት። 19 ከየት መጣ? 11ስ ለምን ተመረጠ? የጨረቃና የፀሐይ ዓመት ልዩነት ወደ 11 ቀን ገደማ መሆኑን ስታገኝ ፊቷን እዩት። እዚያ ፊት ላይ የምታዩትን ነው እነዚያ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት።

ስለ ውድድር ደግሞ ጥቂት ልበል። ዋናው ኤኤምሲ ይባላል፤ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የሚያዘጋጀው ነው። እስከ 10ኛ ክፍል ላሉት ኤኤምሲ 10፣ እስከ 12ኛ ላሉት ኤኤምሲ 12 አለ። በኖቬምበር ይሰጣል። 25 ጥያቄ በ75 ደቂቃ። ትክክለኛ መልስ 6 ነጥብ ያስገኛል፣ ባዶ የተተወ ጥያቄ 1.5፣ የተሳሳተ ዜሮ። ይህን የማያውቁ ልጆች ያላወቁትን ሁሉ ይገምታሉ። አምስት ምርጫ ስላለ በጭፍን መገመት በአማካይ 1.2 ነጥብ ብቻ ነው የሚያመጣው። ባዶ መተው ይሻላል። ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡት ኤአይኤምኢ ወደሚባለው ያልፋሉ። እዚያ 15 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው፤ ምርጫ የለም፤ መልሱ ከ0 እስከ 999 ያለ ሙሉ ቁጥር ነው።

ኤኤምሲን ልጅቷ ራሷ ቤት ሆና አትመዘገብም። ትምህርት ቤቷ ማዘጋጀት አለበት። ነገ ጠዋት የሒሳብ አስተማሪዋን ትጠይቅ። ትምህርት ቤቷ ከሌለው ሌላ የሚቀበላት ቦታ አካባቢው ላይ ይፈለግ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ለስቴቱ የሃይስኩል ተማሪዎች የራሱ የሒሳብ ውድድር አለው፤ ሁለት ዙር ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ልጆቹ መልሱን ከነማስረጃው ይጽፋሉ። ልጅሽ ሶፍት ላይ የምትሞነጫጭረው ነገር ያኔ ቦታ ያገኛል።

ግን እንዲህ አድርገሽ ያዥው። አንዳንድ ልጅ ፈጣን ነው። ሌላው ቀስ ብሎ፣ አገላብጦ የሚያስብ ነው። 75 ደቂቃ ለሁለተኛው አይመቸውም። በኤኤምሲ ዝቅ ያለ ነጥብ አምጥተው የፕሮሚስን ጥያቄዎች ግሩም አድርገው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ነጥቧ ዝቅ ቢል ቤት ውስጥ ለቅሶ አይሁን።

በሚቀጥለው ዓመት፣ 11ኛ ክፍል ስትገባ፣ ሌሎች በሮች ይከፈታሉ። ኤምአይቲ በሚባለው ዝነኛ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይቲስ የሚባል የስድስት ሳምንት የሰመር ፕሮግራም አለ፤ ትምህርቱም፣ ማደሪያውም፣ ምግቡም ነፃ ነው። ከናንተ የሚጠበቀው መጓጓዣው ነው። ብዙ ጊዜ እንደኛ ልጆች ያሉትን ያስባል፤ ወላጆቻቸው ኮሌጅ ያልገቡትን፣ ትምህርት ቤታቸው ብዙ ነገር የሌለውን። እዚያው ኤምአይቲ የሚካሄድ አርኤስአይ የሚባልም አለ፤ ከ1984 ጀምሮ ያለ፣ እሱም ነፃ የሆነ፣ ልጆቹ ከተመራማሪ ጋር እውነተኛ ምርምር የሚሠሩበት። እዚያ መግባት እጅግ ከባድ ነው። ይሞከር እንጂ ተስፋ ሁሉ እዚያ ላይ አይጣል። ሰማይና ኮከብ የምትወድ ከሆነ ሰመር ሳይንስ ፕሮግራም የሚባለው ከ1959 ጀምሮ አለ። ልጆቹ በቴሌስኮፕ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ዐለት፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ ቦታውን ለክተው ምሕዋሩን ራሳቸው ያሰላሉ። ለተቸገረ ቤተሰብ እርዳታ አለው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወረቀታችሁ ምን ላይ እንዳለ አልጻፍሽልኝም፤ እንድትነግሪኝም አልፈልግም። ግን ብዙ ቤተሰቦቻችን ጥገኝነት ጠይቀው ዓመታት የሚጠብቁ ናቸው። ማይቲስ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። የመንግሥት ላቦራቶሪዎችም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። ፕሮሚስ፣ ሮስና ማዝካምፕ ግን ከሌላ አገር የሚመጡ ልጆችን ሳይቀር ይቀበላሉ። ስለዚህ ወረቀት የለንም ብላችሁ ሁሉንም በር አትዝጉ። ማመልከቻውን ከመጀመራችሁ በፊት መስፈርቱን አንብቡ፤ ልጅቷ ወር ሙሉ ደክማ መጨረሻ ላይ ስለ ዜግነት የምትጠይቅ አንዲት የቅጽ ሳጥን እንዳታግዳት።

አሁን ከቤት ውጭ ማደር ላይ እንነጋገር። ጭንቀትሽ ይገባኛል። የኔ እናትም እህቶቼን ዘመድ ቤት እንኳ አታሳድርም ነበር። ግን ልጅሽ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ዶርም ውስጥ ልታድር ነው። ያ ቀን የመጀመሪያዋ ከሚሆን፣ ከዚያ በፊት ለስድስት ሳምንት፣ አዋቂ በሚቆጣጠርበት ቦታ፣ እንደሷ ሒሳብ ከሚወዱ ልጆች ጋር ብትለምደው ይሻላል እላለሁ። ኢሜይል ጻፊላቸው። ማታ ማን ነው ኃላፊው? ስንት ልጅ ለአንድ ተቆጣጣሪ? ብትታመም ወዴት ይወስዷታል? ቤተ ክርስቲያን መሄድ ብትፈልግስ? የሰኔ ጾም እስከ ሐምሌ 5፣ በዚህ አቆጣጠር እስከ ጁላይ 12 ስለሚዘልቅ የጾም ምግብም ጠይቂ። ወላጅ ሲጠይቅ አይገርማቸውም፤ ሁሉም ይጠይቃል። ቦስተን ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከዋሽንግተኑ ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ቀጥታ ይሄዳል።

ልብሽ አሁንም እምቢ ካለ ወይም የወንድሟ ነገር ካልተፈታ፣ ሳትርቅ የምትማርበት አለ። በመጀመሪያ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ። ታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ካምፓሱ ደጃችሁ ላይ ነው። የሃይስኩል ተማሪ ሆና የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ትችላለች፤ ድዩአል ኢንሮልመንት ይሉታል። በሜሪላንድ መስፈርቱን ላሟሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የትምህርቱ ክፍያ ይሸፈናል። ካልኩለስን ትምህርት ቤቷ ከጨረሰች በኋላ ቀጣዩን እዚያ ልትማር ትችላለች። ካውንስለሯን «ድዩአል ኢንሮልመንት ለመግባት ምን ያስፈልገኛል?» ብላ በቀጥታ ትጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ሴፕ የሚባል አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሃይስኩል ተማሪዎችን ለስምንት ሳምንት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያሠራበት ነው። ልጆቹ አበል ይከፈላቸዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የባሕር ኃይሉ የምርምር ላቦራቶሪ አለ፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። እዚህ ላይ ዜግነት ይጠየቃል፤ ዕድሜዋም መድረስ አለበት። የማመልከቻው ጊዜ ገና በመከር ወራት፣ በፎል ነው የሚዘጋው፤ ሰው ሁሉ ሰመርን ማሰብ ሳይጀምር።

ቤት ውስጥ ደግሞ ካን አካዳሚ ነፃ ነው። አርት ኦፍ ፕሮብለም ሶልቪንግ ድረ ገጽ ላይ አልኩመስ የሚባል ነፃ የጥያቄ መለማመጃ አለ፤ ልጅቷ በመለሰች ቁጥር ጥያቄው ይከብድባታል። ለልጅሽ ዓይነት ልጅ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኤምአይቲም በ2001 ባስታወቀው ዕቅድ የክፍል ትምህርቶቹን በነፃ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። እህቴ፣ ለትምህርቱ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ጠረጴዛና በቀን አንድ ሰዓት ከወንድሟ ነፃ መሆን ነው። ይህን ሰዓት እናንተ ብትሰጧት ከ4,200 ዶላሩ ይበልጣል። ለሰመሩም፣ የካውንቲው ሪክሪኤሽን የልጆች ካምፕ አለው፤ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች እርዳታ ስላለ ለትንሹ ጠይቂለት። ልጅ ጠባቂ ሆና የቀረች ጎበዝ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። በተለይ ሴት ልጆች ላይ ነው ይህ የሚደርሰው። አሁን ካልተነጋገራችሁበት ጁን ሲደርስ ማንም ሳይወስን እንደተወሰነ ይቆጠራል።

ሰው የማያነሳው ሌላ ነገር አለ። የአስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ። ልጆቻችንን አንገት ደፍተው፣ መምህር ፊት ዝም ብለው እንዲቀመጡ ነው ያሳደግናቸው። ጨዋነት ነው። እዚህ አገር ያለው አስተማሪ ግን ዝም ያለችን ልጅ አያውቃትም። ደብዳቤ ጻፍላት ሲሉት «ጎበዝ ናት፣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች» ብሎ ያቆማል። ይህ ምንም አይጠቅማትም። ልጅሽ ከክፍል በኋላ አምስት ደቂቃ ትቆይ። «ይህን ሞከርኩት፣ እዚህ ላይ ቆምኩ» ትበል። የአበቅቴና የመጥቅዑን ነገር እንኳ ወስዳ ታሳየው። ጃንዋሪ ላይ ደብዳቤ ስትጠይቀው የሚጽፈው ነገር ይኖረዋል። ይህን መናቅ የለብሽም፤ ብዙ ጊዜ አንባቢውን የሚያሳምነው እሱ ነው።

ጊዜውን በደንብ ያዥ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ለሁለተኛዋ ልጄ ከደብዳቤው ተምሬ ትክክለኛውን ፕሮግራም ፈልጌ አገኘሁ። ሜይ ላይ ነበር። ትምህርት ቤቷ ሄጄ ካውንስለሯን ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ትሁት ነበረች፤ «ማርች ላይ ተዘግቷል» አለችኝ። ለምን አልነገራችሁንም ስላት ኢሜይል ልከን ነበር አለች። ኢሜይሉ ለሁሉም ወላጅ ከሚላከው ከሠላሳ ሌላ ነገር ጋር አብሮ ነበር የመጣው። እኛ ሰመር ሲደርስ ነው ሰመርን የምናስበው። እዚህ አገር ሰመር የሚወሰነው በብርድ ወራት ነው። ፕሮሚስ፣ ሮስና ማዝካምፕ ማመልከቻቸውን ጃንዋሪ አካባቢ ያወጣሉ፤ ማርች አካባቢ ይዘጋሉ። የ11ኛ ክፍሎቹ፣ ማይቲስና አርኤስአይ፣ ከዚያ ቀድመው ነው፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው። ቀኑ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ልጅቷ እያንዳንዱን ድረ ገጽ ከፍታ ትክክለኛውን ቀን የቤት ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ በቀይ ትጻፈው። የጥምቀትና የገና ቀን ከተጻፈበት ጎን።

ዘንድሮ እምቢ ቢሏትስ? ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጅ ነው የሚያመለክተው። እነዚያን ጥያቄዎች ለሦስት ሳምንት ይዛ መክረሟ ግን ማንም አይወስድባትም። 11ኛ ክፍል ሆና እንደገና ታመልክት። በሁለተኛው የሚገቡ አሉ።

ባለቤትሽ የሚያርፍበት ቀን መቼ ነው? ቡና ስታፈዪ አብረው ይቀመጡ። ወረቀትና እርሳስ ብቻ። ዓመተ ዓለሙን እሱ ይንገራት፣ ማካፈሉን እሷ ትሥራ። አበቅቴና መጥቅዕ ለምን 30 እንደሚሆኑ ያገኘችበትን ገጽ አትጣሉት። ከቻልሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።